ጃይንት ሴል አርተራይተስ፦ ለዓይንና ለአንጎል ያለው አደጋ

ጃይንት ሴል አርተራይተስ ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ፣ በብዛትም ከ70 ያለፉ ሰዎችን የሚይዝ የደም ቅዳ ቧንቧ ብግነት ነው። ሴቶች ላይ ይበዛል። በብዛት የሚታወቀው በሰሜን አውሮፓ ስለሆነ በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ሳይጠረጠር ሊታለፍ ይችላል።

የቧንቧው ግድግዳ ሲያብጥ መተላለፊያው ይጠባል። ለዓይን ነርቭ ደም የሚያደርሱት ቀጫጭን ቧንቧዎች ከተዘጉ ዓይን ያለ ሕመም በድንገት ይጨልማል፤ የጠፋ ብርሃን የሚመለሰውም ከስንት አንዴ ነው። ካልታከመ ሌላኛው ዓይን በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ሊከተል ይችላል። በአካባቢው የአዛውንት ዓይን ሲደክም ቀድመው የሚታሰቡት ሞራና ትራኮማ ናቸው፤ እነሱ ግን ቀስ እያሉ የሚመጡ ናቸው። በአንድ ጠዋት የጠፋ ዓይን ሞራ ተብሎ ቀጠሮ ሊሰጠው ፈጽሞ አይገባም።

ስትሮክ ከመቶ ታማሚዎች ሦስት ገደማ ላይ ይደርሳል። በተለይ በማጅራት በኩል ወደ አንጎል የሚወጡት ቧንቧዎች ስለሚጎዱ ማዞር፣ መንገዳገድና የአንደበት መያዝ ይታያል። አስጊው ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላም ሊያጋጥም ይችላል።

ምልክቱን ጠይቆ ማውጣት ይቻላል፦ አዲስ የጀመረ ራስ ምታት፣ ሻሽ ሲያስሩ ወይም ሲያበጥሩ የሚያም የራስ ቆዳ፣ ለአፍታ የሚጋረድ ዓይን። «እማማ፣ ቆሎ ሲቆረጥሙ መንጋጋዎ ይዝላል? ሲያርፉስ ይተዋል?» የሚለው ጥያቄ ከብዙ ምርመራ ይበልጣል። ኢ ኤስ አር (በሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚጠቁም የደም ምርመራ) በሰዓት ከ50 ሚሊ ሜትር በላይ መሆኑ ጥርጣሬውን ያጠናክራል፤ ቲቢም ስለሚያንረው ግን ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ከጆሮ ግንድ ቧንቧ ናሙና ሲወሰድ ርዝመቱ ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ብግነቱ እየዘለለ ስለሚይዝ አጭር ቁራጭ ያሳስታል።

ውጤት እስኪመጣ ሕክምና አይዘገይም፤ ናሙናው ስቴሮይድ (እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ብግነት አብራጅ መድኃኒት) በተጀመረ በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥም ይነበባል። ዓይን ከተነካ ሜቲልፕሬድኒሶሎን ከ500 እስከ 1000 ሚሊ ግራም በደም ሥር ለ3 ቀን፣ ከዚያ ፕሬድኒሶሎን በአፍ ይሰጣል። ዓይን ካልተነካ በቀን ከ40 እስከ 60 ሚሊ ግራም ፕሬድኒሶሎን ተጀምሮ ከዓመት በላይ በሚዘልቅ ጊዜ ቀስ በቀስ ይቀነሳል።

በባዶ እግር እርሻ ላይ የኖረ ሰው ስትሮንጂሎይደስ የተባለውን የአንጀት ትል ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ትሉ በስቴሮይድ ምክንያት መላ ሰውነትን ወርሮ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ስቴሮይዱ ሳይዘገይ አይቨርሜክቲን መስጠት ይገባል፤ አልቤንዳዞል ለዚህ ትል ደካማ ነው። የሚጾሙ እናቶች የጠዋቱን ኪኒን እንዳይዘሉም የሚወስዱበትን ሰዓት ከጾማቸው ጋር አስማምቶ መወሰን ያስፈልጋል፤ ድንገት ማቋረጥ ብግነቱን ይቀሰቅሳል፣ ራስን የሚያስት የደም ግፊት መውረድም ያስከትላል።