መጠጥና ዕፅ በካምፓስ፦ ከማስፈራራት ሌላ ምን ይሠራል?

መጠጥ ጉበት እንደሚጎዳ፣ ዕፅም ሱስ እንደሚያስይዝ ያልሰማ የኮሌጅ ተማሪ የለም። ሰምቶም ይጠጣል። ጠዋት አዳራሽ ተሰብስቦ የታመመ ጉበት ፎቶ ያየው ተማሪ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ብርጭቆ ሲያነሳ ቢታይ አይገርምም። የአሜሪካ መንግሥት የአልኮል ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2002 ለኮሌጆች ባወጣው ሪፖርት ይህንኑ አንስቷል። ትምህርትና መረጃ ለብቻው ሲሰጥ የተማሪውን አጠጣጥ እንደማይቀይር በግልጽ ጽፏል። ያም ሆኖ ብዙ ኮሌጆች ዛሬም የሙጥኝ ያሉት እሱኑ ነው። ቀላል ነዋ! ወጪውም ትንሽ ነው።

ጣጣው የሚጀምረው ገና ግቢ ሲገባ ነው። «የት አመሸህ?» የሚል ቤተሰብ የለም። ጓደኛም ገና አልተገኘም። ብቸኝነቱ ሲከብድ ሰው የማይወደውንም ነገር ይቀምሳል። ባለሙያዎች የፍሬሽማን የመጀመሪያዎቹን 6 ሳምንታት አደገኛ ጊዜ ብለው የሚጠቅሱት ለዚህ ነው። በዚህ ላይ ስሜትን የሚገታውና ነገን አስቦ የሚወስነው የፊተኛው የአንጎል ክፍል በስሎ የሚያልቀው 25 ዓመት አካባቢ ነው። ስለዚህ መከላከል ተማሪው ሻንጣውን ከመሸከፉ በፊት ቢጀመር ይመረጣል። ወላጅ ሳይቆጣ ቁጭ ብሎ ቢያወራው፣ ከአዳራሹ ስብከት የተሻለ ጆሮ ያገኛል።

«ብዙ» የሚባለው ስንት ነው? እዚህ ላይ ሰው ይሳሳታል። በአሜሪካ አንድ መለኪያ ማለት 14 ግራም ንጹሕ አልኮል የያዘ መጠጥ ነው። 5 በመቶ አልኮል ያለው 355 ሚሊ ሊትር ቢራ አንድ መለኪያ ነው። 40 በመቶ የሆነ ጠንካራ መጠጥ ግን 44 ሚሊ ሊትር ብቻ ይበቃዋል። በእጅ ግምት የተቀዳ ብርጭቆ ሁለትና ሦስት መለኪያ ሊይዝ ይችላል፤ ጠጪው ግን «አንድ ነው የጠጣሁት» ይላል። ወንድ በ2 ሰዓት ውስጥ 5፣ ሴት ደግሞ 4 መለኪያ ከጠጡ በደማቸው ያለው አልኮል ብዙውን ጊዜ 0.08 በመቶ ይደርሳል፤ «ብዙ» የሚባለውም ይኸው ነው። በካምፓስ ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ባንዴ አብዝቶ መጠጣት ነው። መውደቁ፣ ጠቡ፣ የመኪና አደጋው፣ ያለፈቃድ የሚፈጸም ወሲብ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይከተላል። ሱስ የያዘው ሰው መሆንም የግድ አይደለም።

ለእኔ ከሁሉም የሚገርመው የ«ሁሉም ይጠጣል» ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ዌስሊ ፐርኪንስና አለን በርኮዊትዝ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በኒውዮርክ ግዛት በሚገኝ አነስተኛ ኮሌጅ ያጠኑትን አሳተሙ። ተማሪዎቹ ስለ መጠጥ የራሳቸው አቋም ቆጠብ ያለ ነበር። ጓደኞቻቸውን ግን ከእነሱ በጣም የላሉ አድርገው ይገምቱ ነበር። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። በጊዜ የተኛውን ተማሪ ማንም አያየውም። ኮሪደር ላይ ሲጮህ ያመሸው ግን በማግስቱ የካፌ ወሬ ነው። ተማሪው ያንን አንድ ሰው አይቶ «ግቢው እንዲህ ነው» ይላል፤ ወደኋላ ላለመቅረትም ይጨምራል። መፍትሔው ተማሪው በእርግጥ ምን ያህል እንደሚጠጣ እውነተኛውን ቁጥር ከራሳቸው ተማሪዎች ሰብስቦ መልሶ ማሳየት ነው። ፖስተር ብቻ ከሆነ ግን ሁሌም አይሳካም። ቁጥሩን ካላመኑት ይስቁበታል።

ጥሩ ማስረጃ ያለው ሌላው መንገድ አጭር የግል ምክክር ነው። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አለን ማርላትና ባልደረቦቹ ያዳበሩት ዘዴ በዚህ ይታወቃል። ተማሪው ሁለት ጊዜ፣ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ፣ ከአማካሪ ጋር ይቀመጣል። መጀመሪያ ስለ አጠጣጡ ይጠየቃል። ቀጥሎ የራሱ መጠን ከእኩዮቹ ጋር ተነጻጽሮ ይቀርብለታል። ስንት ገንዘብና ስንት የጥናት ሰዓት እንደሄደበትም ያያል። አማካሪው አይፈርድም፤ «አቁም» ብሎም አይጀምርም። የመቀነሱን ምክንያት ተማሪው ራሱ እንዲናገረው ይጠብቃል። ማን እንዲህ ያለ ምክር እንደሚያስፈልገው ለመለየት ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የ10 ጥያቄዎች መጠይቅ አለ። ውጤቱ 8 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጉዳዩን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

አካባቢውም ይቆጠራል። መጠጥ በረከሰና በቀረበ ቁጥር ይጠጣል። የመጠጥ ቤቶች ቁጥርና የመዝጊያ ሰዓት፣ የዕድሜ ገደብ፣ «አንድ ሲገዙ አንድ በነጻ» የሚሉ ማስታወቂያዎች ሁሉ ድርሻ አላቸው። ዓርብ ጠዋት ክላስ ማስገባት እንኳ የሐሙስ ማታውን ጭፈራ ያቀዘቅዘዋል። ተማሪ እንደማይወደው ግን ግልጽ ነው።

ወደ ዕፅ ስንመጣ ነገሩ ይለያል። ፈተና ሲደርስ ለጓደኛ የታዘዘ የትኩረት መድኃኒት፣ ለምሳሌ ሪታሊን፣ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ዋጪው «ለትምህርቴ ነው» ስለሚል ራሱን ከዕፅ ተጠቃሚ አይቆጥርም። መድኃኒቱ ግን እንቅልፍ ያሳጣል እንጂ ያልተጠናውን አያስጠናም። እንዲህ ያለውን ተማሪ ስለ ሱስ ከመስበክ ይልቅ የጊዜ አጠቃቀምና የእንቅልፍ እገዛ መስጠት ይቀላል። ከመንገድ የሚገዛ ክኒን ሌላ መዘዝ አለው። በአሜሪካ የሐሰት ክኒኖች ውስጥ ፈንታኒል የተባለ እጅግ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ተደባልቆ ብዙ ወጣት ገድሏል። በዚህ የተነሳ አንዳንድ ግቢዎች ናሎክሶን የተባለውን፣ በኦፒዮይድ (እንደ ፈንታኒል ባሉ መድኃኒቶች) ምክንያት የቆመን ትንፋሽ የሚመልስ መድኃኒት በዶርሞች ያስቀምጣሉ።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ራሱን እስኪስት የሰከረ ጓደኛን «ይተኛበት» ብሎ መተው ሊገድለው ይችላል። መጠጡን ካቆመ በኋላም ሆዱ ውስጥ ያለው አልኮል ወደ ደም መግባቱን ይቀጥላል። ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ሻወር ስካሩን አያበርዱትም፤ ጉበት በሰዓት የሚያቃጥለው አንድ መለኪያ ገደማ ነው። ትውከት እንዳያንቀው በጎኑ ማስተኛት፣ አጠገቡ መቆየትና አምቡላንስ መጥራት ነው። ተማሪዎች ግን ቅጣት ፈርተው አይደውሉም። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2002 እርዳታ የጠራም ሆነ የተጠራለት ተማሪ በመጠጡ እንዳይቀጣ የሚያደርግ ደንብ አወጣ። ሌሎችም ተከተሉት።

ሱስ ላይ ደርሰው የተመለሱትስ? እነሱ በግቢው ውስጥ ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። ሳይጠጣ 3 ወር የቆየ ተማሪ ክፍሉ ሲመለስ አብሮት የሚኖረው ልጅ አልጋ ስር ጠርሙስ ካለ፣ ልፋቱ መና ይቀራል። ረትገርስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1988 ለእነዚህ ተማሪዎች ብቻ የሚሆን መኖሪያ ከፈተ። እዚያ የሚኖሩት ከመጠጥና ከዕፅ ነጻ ሆነው፣ እርስ በርስ እየተደጋገፉ ይማራሉ። ቅዳሜ ማታ አብረው የሚያመሹበት ሰው አላቸው።