የውሻ አዳሪ ሥልጠና ምንድን ነው?

የእህቴ ውሻ ቦቢ ይባላል። እሷ የምትኖረው ሜሪላንድ ነው። ቦቢ በር በተንኳኳ ቁጥር ዘሎ እንግዳው ደረት ላይ ይወጣል። እማዬ ከአዲስ አበባ ልትጠይቃት የሄደች ቀን ሊጥላት ምንም አልቀረውም። እህቴ ደነገጠችና ለሁለት ሳምንት አዳሪ ሥልጠና ላከችው። ሲመለስ ሌላ ውሻ ሆኖ መጣ። አሠልጣኙ «ሲት» ሲለው ቁጭ ይላል። «ስቴይ» ሲለው ንቅንቅ የለም። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ግን የድሮው ጠባይ አገረሸ። ገንዘቡ ወጣ፣ ዝላዩ ግን አልቀረም።

አዳሪ ሥልጠና ማለት ውሻው ከቤት ወጥቶ፣ አሠልጣኙ ዘንድ እየበላና እያደረ የሚማርበት መንገድ ነው። እንደ አዳሪ ትምህርት ቤት አስቡት። አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል። አሜሪካ ውስጥ ዋጋው በሺዎች ዶላር ነው የሚቆጠረው። ሌሎች አማራጮችም አሉ። በሳምንት አንዴ ከውሻችሁ ጋር ሄዳችሁ ከሌሎች ጋር የምትማሩበት ክፍል አለ፣ በጣም ርካሹ እሱ ነው። አሠልጣኙ ቤታችሁ የሚመጣበትም አለ።

ሰው አዳሪውን የሚመርጥበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው ውሻ ለማስተማር ጊዜ ከየት ያመጣል? ችግሩ ያለው ውሻ በሚማርበት መንገድ ላይ ነው። ውሻ የተማረውን ነገር ከቦታውና ከሰውየው ጋር አያይዞ ነው የሚይዘው። «ሲት» የሚለውን ቃል ያወቀው በዚያ ግቢ፣ በዚያ ሰው ድምፅ፣ ከዚያ ሰው ኪስ በሚወጣ ቁራሽ ሥጋ ነው። የእናንተ ሳሎን ሲገባ ትምህርቱ ከሞላ ጎደል እንደ አዲስ ይጀመራል። አባቶቻችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ያሉት ስለ ታማኝነት ነው። ለትምህርትም ይሠራል። ውሻ የሚታዘዘው ሲታዘዝ ጥሩ ነገር ለሚሰጠው ሰው ነው።

ስለዚህ አዳሪ ሥልጠና ስትገዙ ዋናው የምትገዙት ነገር ርክክቡ ነው። አሠልጣኙ ውሻውን በር ላይ አስረክቦ ከሄደ ግማሹን ሥራ አልሠራም። ስንት ጊዜ ቤታችሁ መጥቶ እናንተን እንደሚያስተምር አስቀድማችሁ ጠይቁ። ልጆቹም፣ አያትም፣ ውሻውን የሚያወጣው ሁሉ ይገኝ። «አንድ ሰዓት አሳያችኋለሁ፣ ይበቃል» ካላችሁ ገንዘባችሁን ያዙ።

እዚህ ላይ የእኛን ሰው በተለይ የሚመለከት ነገር አለ። ቋንቋው። ውሻው «ሲት» ተምሮ ይመጣል፣ እማዬ «ቁጭ በል!» ትለዋለች። ልጆቹ በእንግሊዝኛ፣ እህቴ በሁለቱም። ውሻ ቃል አይተረጉምም፣ ድምፅ ነው የሚለየው። ቤት ውስጥ የምትጠቀሙበትን ቃል መርጣችሁ ከመጀመሪያው ቀን ለአሠልጣኙ ስጡት። «ቁጭ»፣ «ና»፣ «ተው» ለማንኛውም አሠልጣኝ አይከብዱም። የእጅ ምልክትም አብሮ እንዲያስተምረው ጠይቁ፣ ምልክት ሁሉንም ያግባባል።

ቀጥሎ አሠልጣኙ ማን እንደሆነ እንይ። ጀርመን ውስጥ ከ2014 ጀምሮ በክፍያ ውሻ የሚያሠለጥን ሰው ፈቃድ ማውጣት አለበት። አሜሪካ ውስጥ ግን ማንም ሰው ነገ ተነሥቶ «የውሻ አሠልጣኝ ነኝ» ሊል ይችላል። ሲፒዲቲ የሚባለው የሙያ ማረጋገጫ የሚሰጠው ቢያንስ 300 ሰዓት ያሠለጠነና ፈተና ያለፈ ሰው ስለሆነ ካለው ጥሩ ነው። ግን ወረቀቱ ብቻውን አይበቃም፤ በምን እንደሚያሠለጥን መጠየቅ አለባችሁ። የአሜሪካ የእንስሳት ጠባይ ሐኪሞች ማኅበር በ2021 ባወጣው መግለጫ ውሻ በሽልማት ብቻ እንዲሠለጥን መክሯል። በኤሌክትሪክ የሚነዝር ኮላር (የአንገት ማሰሪያ) ዌልስ ውስጥ ከ2010 ጀምሮ ክልክል ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ብዙ አዳሪ ሥልጠናዎች ይጠቀሙበታል፤ ውጤቱ ቶሎ ስለሚታይ ነው።

ይህ ጉዳይ በጣም ያሳስበኛል። አዳሪ ሥልጠና ላይ እናንተ የላችሁም። ውሻው የደረሰበትን አይነግራችሁም። ሲያጉረመርም የተመታ ውሻ ማጉረምረሙን ሊያቆም ይችላል፣ ፍርሃቱ ግን አይለቀውም። ከዚያ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ አትርሱ፦ «ሲያጠፋ ምን ታደርገዋለህ?» ጥሩ አሠልጣኝ ሳይሸፋፍን ይመልሳል። ሥልጠናውን መጥታችሁ እንድታዩ ይፈቅዳል፣ በየቀኑ ቪዲዮ ይልካል። ማደሪያውን አላሳይም የሚል ሰው ዘንድ ውሻዬን አንድ ሌሊት አላሳድርም።

ለቡችላ ደግሞ በፍጹም አልመክርም። ቡችላ ሰውንና ዓለምን የሚለምደው በዋናነት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። ያንን ጊዜ ከእናንተ ጋር ቢያሳልፈው ይሻላል። ሐኪም ጠይቃችሁ፣ የመጀመሪያውን ክትባት ወስዶ፣ የቡችላ ክፍል ውሰዱት። የሚናከስ ወይም ብቻውን ሲቀር የሚሸበር ውሻም መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ይየው። አንዳንዴ የጠባይ ለውጥ የሚመጣው ከሕመም ነው። አዳሪ ሥልጠና የሚያዋጣው ጤነኛ ሆኖ ገመድ ለሚጎትት፣ ሲጠሩት ለማይመጣ ወይም እንደ ቦቢ ለሚዘል ውሻ ነው፤ ያውም ርክክቡ በደንብ ከተሠራ።

እህቴ በኋላ ሌላ አሠልጣኝ አገኘች። ቤት መጥታ ሦስት ጊዜ አስተማረቻቸው። ብዙውን ሰዓት ከቦቢ ጋር ሳይሆን ከእማዬ ጋር ነው ያሳለፈችው። እማዬ «ውሻ ደግሞ ምን ይማራል?» ስትል ነበር። አሁን በር ሲንኳኳ መጀመሪያ ከፍሪጅ የተቀቀለ ዶሮ ታወጣለች። «ቁጭ!» ትላለች። ቦቢ ቁጭ ካለ በኋላ ነው በሩ የሚከፈተው።