ኪንግ ቢስኪት፦ ከዱቄት ማስታወቂያ የተወለደ የብሉዝ ፌስቲቫል

ኪንግ ቢስኪት በአሜሪካ አርካንሳስ ግዛት፣ በሄሌና ከተማ በየዓመቱ የሚካሄድ የብሉዝ (የጥቁር አሜሪካውያን የትካዜ ዘፈን) ሙዚቃ ፌስቲቫል ነው። የተጀመረው በ1986 ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታትና ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ወቅቱ እኛ ዘንድ መስከረም አልቆ ጥቅምት ሲገባ፣ እዚያ ደግሞ ጥጡ ፈንድቶ ሲሰበሰብ ነው። ሄሌና ከሜምፊስ በስተደቡብ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ምዕራባዊ ዳር የተቀመጠች ናት። በ2020 ቆጠራ ነዋሪዎቿ 10 ሺህ አልሞሉም፤ በፌስቲቫሉ ቀናት ግን በአስር ሺዎች የሚቆጠር እንግዳ ታስተናግዳለች።

ስሙ የእኛን አንባቢ ማሳሳቱ አይቀርም። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ቢስኪት የሚባለው በላስቲክ ታሽጎ ከሱቅ የሚገዛው ጣፋጭ ብስኩት አይደለም፤ በቤኪንግ ፓውደር ተነፍቶ፣ ጠዋት ከምድጃ እንደወጣ በቅቤ ወይም በመረቅ የሚበላ ለስላሳ ትንሽ ዳቦ ነው። ኪንግ ቢስኪት ደግሞ ኢንተርስቴት ግሮሰሪ የተባለው የሄሌና አከፋፋይ ይሸጠው የነበረ የስንዴ ዱቄት ስም ነው። ፌስቲቫሉ ስያሜውን ያገኘው ከንጉሥም ከቤተ መንግሥትም ሳይሆን ከዱቄት ከረጢት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በ1941 ኬኤፍኤፍኤ የተባለ ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ሄሌና ውስጥ ሥራ ጀመረ። ሃርሞኒካ ተጫዋቹ ሶኒ ቦይ ዊሊያምሰንና ጊታር ተጫዋቹ ሮበርት ሎክዉድ ጁኒየር ወደ ጣቢያው ሄደው የአየር ሰዓት ጠየቁ። ወጪውን የሚሸፍን ነጋዴ ማግኘት እንዳለባቸው ተነገራቸው፤ የኢንተርስቴት ግሮሰሪ ባለቤት ማክስ ሙር ዱቄቱን እስካስተዋወቁለት ድረስ እከፍላለሁ አለ። ኅዳር 21 ቀን 1941 «ኪንግ ቢስኪት ታይም» የተባለው ፕሮግራም አየር ላይ ዋለ። በዘር መለያየት ሕግ በተከፋፈለው ደቡብ፣ ጥቁር ሙዚቀኞች በቀጥታ ስርጭት፣ በየዕለቱ፣ በቋሚ ሰዓት ይጫወቱ ጀመር። ማክስ ሙርን ያነሳሳው የዘር እኩልነት ጉዳይ አልነበረም። ጥቁር ገበሬም ዱቄት ይገዛል፤ እሱ የፈለገው ይህንኑ ገዢ ነበር።

ሰዓቱ የተመረጠው ታስቦበት ነው። ፕሮግራሙ የሚተላለፈው ሠራተኛው ከጥጥ እርሻ ለምሳ በሚገባበት፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ዴልታ በሚባለው በዚህ ሜዳማ ምድር (ስሙ ወንዙ ባሕር የሚገባበትን ቦታ ያስመስላል እንጂ ከዚያ በጣም ወደ ሰሜን ያለ፣ ጎርፍ ለዘመናት አፈር ያለበሰው ሜዳ ነው) አብዛኛው ጥቁር ነዋሪ በባለርስት መሬት ላይ የሚያርስ ጭሰኛ ነበር። ጭሰኛ ስል የእኛው ታላላቆች የሚያውቁትን ማለቴ ነው፦ ዘሩም፣ መሣሪያውም፣ ብድሩም ከባለመሬቱ፤ ሒሳቡም የሚጻፈው በባለመሬቱ ደብተር። ያ ሰው ጥላ ፈልጎ ምሳውን ሲፈታ ሬዲዮው «ቢስኪቱን አቀብሉ፤ የኪንግ ቢስኪት ሰዓት ነው!» ብሎ ይከፈታል። በኋላ ዝነኛ የብሉዝ ጊታር ተጫዋች የሆነው ቢ ቢ ኪንግ በሚሲሲፒ ግዛት ወጣት የእርሻ ሠራተኛ ሳለ በምሳ ሰዓቱ ያዳምጥ ነበር። በኋላ ታዋቂ ሃርሞኒካ ተጫዋች የሆነው ጄምስ ኮተን ደግሞ የሶኒ ቦይን ሃርሞኒካ በሬዲዮ ሰምቶ ወደደው፤ ገና ልጅ ሳለ ወንዙን ተሻግሮ ሄሌና መጣና ከሶኒ ቦይ ዘንድ ተማረ።

ሙዚቀኞቹ ከጣቢያው የሚያገኙት ገንዘብ ይህ ነው የሚባል አልነበረም። ትርፋቸው ሌላ ነበር፦ በዘፈኖቹ መካከል የዱቄቱን ማስታወቂያ ሲያበቁ፣ ያን ምሽት የትኛው ከተማ፣ የትኛው መሸታ ቤት እንደሚጫወቱ ይናገራሉ። ማታ ቤቱ ይሞላል። ነጋዴው ዱቄቱን ለመሸጥ በሙዚቃው ሲጠቀም፣ ሙዚቀኛው የራሱን ገበያ ለማድራት በዱቄቱ ተጠቀመበት። ከሁለቱ ማን የበለጠ እንደተጠቀመ ለመፍረድ ዛሬ ማን ስሙ እንደሚነሳ ማየት ይበቃል።

ሶኒ ቦይ ራሱ አንድ ምዕራፍ የሚወጣው ሰው ነው። ትክክለኛ ስሙ አሌክ ሚለር ሲሆን «ራይስ» ይሉት ነበር። ሶኒ ቦይ ዊሊያምሰን የሚለው ስም በቺካጎ በሸክላ የታወቀ የሌላ ሃርሞኒካ ተጫዋች ነበር፤ እሱ ግን ስሙን ወስዶ የመጀመሪያው እኔ ነኝ እያለ ኖረ። ዛሬ የሙዚቃ ጸሐፊዎች ሁለቱን «አንደኛው» እና «ሁለተኛው» እያሉ ነው የሚለዩአቸው። የሬዲዮው ዝና ሲገን ኩባንያው «ሶኒ ቦይ» የተባለ የበቆሎ ዱቄት አወጣ፤ ከረጢቱ ላይ ሰውየው በበቆሎ እሸት ላይ ተቀምጦ ሃርሞኒካ ይዞ ተስሏል። በ1960ዎቹ አውሮፓ ዞሮ ከወጣት እንግሊዛውያን የሮክ ባንዶች ጋር ተጫወተ። ከዚያም ወደ ሄሌና ተመለሰና እንደገና ለዱቄቱ መጫወት ጀመረ። ግንቦት 25 ቀን 1965 ከስርጭት ቢቀርባቸው ከበሮ ተጫዋቹ ፔክ ከርቲስ ሊፈልገው ወደ ማደሪያው ሄደ፤ አልጋው ላይ ሞቶ አገኘው።

ሄሌና ለእንዲህ ያለው ሙዚቃ አመቺ የሆነችበት ምክንያት ነበራት። የወንዝ ወደብ ናት፤ የእንጨትና የጥጥ ሠራተኛ ደመወዙን ይዞ የሚመጣባት፣ መሸታ ቤትና ቁማር ቤት የሞላባት ከተማ ነበረች። በወንዙ ላይ ያለው ድልድይ የተከፈተው በ1961 ነው፤ ከዚያ በፊት ከሚሲሲፒ ማዶ የሚመጣው ሙዚቀኛ የሚሻገረው በጀልባ ነበር። ዝነኛው የብሉዝ ጊታር ተጫዋች ሮበርት ጆንሰን ከሮበርት ሎክዉድ እናት ጋር እዚህ ኖሯል፤ ለልጁም ጊታር አስተምሯል። ሌላው የብሉዝ ጊታር ተጫዋች ሮበርት ናይትሃውክ የተወለደው እዚሁ ነው።

ሌላም ታሪክ አለ፣ በበዓል ሰሞን የማይወራ። በ1919 መገባደጃ ላይ፣ ሄሌና በምትገኝበት ፊሊፕስ ካውንቲ (ወረዳ)፣ ኢሌን በተባለች መንደር አካባቢ፣ ለጥጣቸው ተገቢ ዋጋ ለማግኘት የተደራጁ ጥቁር ጭሰኞች ተጨፈጨፉ። የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ብዙ ግምቶች ግን ከ100 በላይ ያደርሱታል። ከዚያም ሄሌና በሚገኘው ፍርድ ቤት 12 ጥቁሮች ሞት ተፈረደባቸው። በ1923 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጣልቃ ገባ፤ በመጨረሻም ሁሉም ከሞት ተረፉ። የመታሰቢያ ሐውልቱ ሄሌና ውስጥ የቆመው በ2019፣ ከ100 ዓመት በኋላ ነው። ብሉዝን የዴልታ ቅርስ ብሎ የሚያከብር ሰው ከፌስቲቫሉ መድረክ ተነስቶ እስከዚያ ሐውልት ድረስ ቢሄድ የዘፈኑ ምሬት ከየት እንደመጣ አስረጂ አያስፈልገውም።

ጥጥ ለቃሚ ማሽን ሲመጣ ጭሰኛው መሬቱን ለቆ ወደ ቺካጎና ወደ ዲትሮይት ተጓዘ፤ ሙዚቃውንም ይዞ ሄደ። በ1979 በአጎራባቿ ዌስት ሄሌና የነበረው ትልቅ የጎማ ፋብሪካ ተዘጋ። በ1980 ሬዲዮው ላይ የነበረው ፕሮግራምም ተቋረጠ። የመሐል ከተማው ሱቆች አንድ በአንድ ሲዘጉ ነጋዴዎችና የሙዚቃው ወዳጆች ከተማቸው ገና ያልሸጠችው ምን ቀርቷት እንደሆነ አሰቡ። በ1986 ፕሮግራሙ ወደ አየር ተመለሰ፤ በዚያው ዓመት በአሮጌው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት አንድ ጎን የሌለው የጭነት መኪና ቆመ፣ የመኪናው አልጋ መድረክ ሆነ፣ ፌስቲቫሉም ተጀመረ። የባቡር ጣቢያው በኋላ የዴልታ የባህል ማዕከል ሙዚየም ሆኗል።

የዛሬው ዋና መድረክ አቀማመጡ ብልሃት አለበት። ወንዙ ከተማዋን እንዳያጥለቀልቅ ከአፈር የተሠራ ረጅም ግድብ በከተማዋ ጠርዝ ያልፋል፤ ጎኑ ሣር የለበሰና ቀስ እያለ የሚያዘቀዝቅ ነው። መድረኩ ከግርጌው ይቆማል፤ ተመልካቹ ታጣፊ ወንበሩን ይዞ ሽቅብ ይደረደራል። ለጎርፍ የተሠራው ግድብ ያለ ምንም ተጨማሪ ግንባታ ስታዲየም ሆነ ማለት ነው። በቼሪ ጎዳና ላይ ደግሞ በየሕንጻው ጥግ ጊታሩን ከትንሽ ማጉያ ጋር ያገናኘ፣ ከፊቱ ክፍት የጊታር ሳጥን ያስቀመጠ ሰው አለ። አንዱን አልፈው ሁለት ሱቅ ሳይሻገሩ ሌላው ይጀምራል፤ መካከል ላይ የቆመ ሰው ሁለት ዘፈን በአንዴ ይሰማል። የባርቤኪው ጢስ መንገዱን ይሞላዋል፤ ከጎኑ ታማሊ ይሸጣል፣ ማለትም በቅመም የበሰለ ሥጋ በበቆሎ ሊጥ ተሸፍኖ፣ በበቆሎ ገለባ ተጠቅልሎ የሚቀቀል ምግብ።

ፌስቲቫሉ መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ነጻ ነበር፤ ወጪው ሲያድግ ለዋናው መድረክ ትኬት መሸጥ ተጀመረ። ሎክዉድን እና የሬዲዮውን ሌላ ጊታር ተጫዋች ሂዩስተን ስታክሃውስን የሚዘክረው መድረክ ግን ያለ ክፍያ ቆየ። እኔን ብትጠይቁኝ የዴልታውን የአጨዋወት ስልት ለመስማት የሚሻለው እሱ ነው፤ በዋናው መድረክ ትልልቆቹ ስሞች ይመጣሉ፣ አንዳንዴ ግን የሚጫወቱት ከብሉዝ ይልቅ ለሮክ የሚቀርብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሳ። የውጭ ጸሐፊዎች ትዝታን «የኢትዮጵያ ብሉዝ» ማለት ይወዳሉ። ንጽጽሩ የአድማጭ ስሜት ነው እንጂ የታሪክ ዝምድና አይደለም። ይልቅ እኔን የሚገርመኝ የግጥሙ አሠራር ነው፦ የብሉዝ ዘፋኝ የመጀመሪያውን ስንኝ ደግሞ ይለዋል፣ በሦስተኛው ይመልስለታል። ድግግሞሹ አድማጩን ያንጠለጥላል፤ ዘፋኙም መልሱን የሚያስብበት ጊዜ ያገኛል። ከአዝማሪ ቤት የመጣ ሰው ይህን ዘዴ ማስተርጎም አይፈልግም።

ስሙ ራሱ አንድ ጊዜ ከከተማዋ እጅ ወጥቶ ነበር። የሄሌናውን ፕሮግራም ስም አስመስሎ የተሰየመ ሌላ የሮክ ሬዲዮ ፕሮግራም ነበር፤ በስሙ ባለቤትነት ላይ በተነሳው ጉዳይ ፌስቲቫሉ ከ2005 ጀምሮ «የአርካንሳስ ብሉዝና ቅርስ ፌስቲቫል» ተብሎ ቆየ። ስሙ የተመለሰው በ2011 ነው። በ2020 በኮሮና ምክንያት ሳይካሄድ ቀርቷል።

የሬዲዮው ፕሮግራም ግን ዛሬም አለ። ሶኒ ፔይን በ1951 አስተዋዋቂነቱን ተረከበና በ2018 እስኪሞት ድረስ ከ17 ሺህ በላይ ስርጭቶችን መራ፤ ፕሮግራሙ በ1992 ፒቦዲ የተባለውን የአሜሪካ የስርጭት ሽልማት አግኝቷል። አሁን የሚተላለፈው በቼሪ ጎዳና ካለው የባህል ማዕከል ነው። እንግዳ ገብቶ በመስታወቱ በኩል ማየት ይችላል፤ አስተዋዋቂው እንደ ቀድሞው ከቀኑ 6 ሰዓት ከሩብ ሲሆን ቢስኪቱን አቀብሉ ይላል።