«በመሠዊያው ፊት አስቡኝ»፦ ጸሎተኛ አያታችንን ከዕረፍታቸው በኋላ ማሰብ

በ387 ዓ.ም. (እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር) ቅድስት ሞኒካ በሮም ወደብ በኦስትያ ስታርፍ በ56ኛው የዕድሜ ዓመቷ ላይ ነበረች። አልጋዋ አጠገብ ልጇ አጎስጢኖስ ብቻ አልነበረም፤ የልጅ ልጇ አዴዎዳቱስም ነበር። ነፍሷ ስትወጣ ልጁ ጮኾ አለቀሰ፤ ትልልቆቹም ዝም አሰኙት። ወዲያው ኤቮድዮስ የሚባለው ወዳጃቸው ዳዊቱን አንሥቶ «አቤቱ፣ ምሕረትንና ፍርድን እቀኝልሃለሁ» ብሎ ጀመረ፤ ቤተሰቡም ተቀበለው።

ሞኒካን ሁላችንም የምናውቃት በእናትነቷ ነው። አያትም ነበረች፤ ለልጅ ልጆች የምታስተምረውም ብዙ ነው። ይህች ሴት በባሏ ጎን መቃብሯን አስቀድማ ያዘጋጀች ነበረች። መሞቻዋ ሲቀርብ ግን አሳቧን ለወጠች፦ ሥጋዬን የትም ቅበሩት፣ አትጨነቁበት፤ የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የትም ብትሆኑ በጌታ መሠዊያ ፊት አስቡኝ አለች።

እኛ አያታችን ሲያርፉ የምንሠራውን ስንመለከት ከዚህ ልመና ርቆ እናገኘዋለን። «እማማ እኮ ጻድቅ ነበሩ፣ ከቅዳሴ የማይቀሩ፣ መቁጠሪያ ከእጃቸው የማይለይ፤ ለእሳቸው ደግሞ ምን ጸሎት ያስፈልጋል?» እንላለን። ከፍቅር የሚነሣ ንግግር ነው። ግን አያታችንን የሚጎዳ ስሕተት ነው። አጎስጢኖስ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ የእናቱን መልካም ሥራ በዝርዝር ከጻፈ በኋላ እዚያው ላይ ስለ ኃጢአቷ ምሕረት ለመነ፤ አንባቢዎቹንም እሷንና አባቱን ፓትሪክዮስን በመሠዊያው ፊት እንዲያስቧቸው ጠየቀ። ያቺ ቤተክርስቲያን ቅድስት ብላ የምታከብራት ሴት እንኳ ከተጸለየላት፣ ለእኛዋ አያት መጸለይ እሳቸውን ዝቅ ማድረግ አይደለም። ካቶሊካዊት ቤተክርስቲያናችን እንደምታስተምረው፣ በእግዚአብሔር ጸጋ የሞተ፣ ነገር ግን ገና ፈጽሞ ያልነጻ ሰው መዳኑ የተረጋገጠ ቢሆንም፣ ወደ ሰማይ ደስታ ለመግባት መንጻት ያስፈልገዋል። በዚያ መንጻት ላይ ያሉትን የእኛ ጸሎት ይረዳቸዋል።

ለዚህ የሚጠቀሰው ምንባብ ሁለተኛ መቃብያን ምዕራፍ 12 ነው፤ ይሁዳ ስለ ሞቱት ወታደሮች 2,000 የብር ድራክማ ሰብስቦ መሥዋዕት እንዲቀርብላቸው ወደ ኢየሩሳሌም ላከ። ስትፈልጉት ተጠንቀቁ። በኦርቶዶክሳዊው 81 መጽሐፍ ውስጥ ያለው መጽሐፈ መቃብያን ስሙ አንድ ቢሆንም ይዘቱ ሌላ ነው፤ ምንባቡን እዚያ አታገኙትም። በካቶሊክ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያለውን ክፈቱ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ ቅዳሴ ማሳረግ ነው። ወደ ቁምስናችሁ (ወደ አጥቢያ ቤተክርስቲያናችሁ) ስትሄዱ የአያታችሁን የክርስትና ስምና ያረፉበትን ቀን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ብዙ ቤተሰብ የክርስትና ስማቸውን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሲሞት ስሙ ይጠፋል። ቀኑን በኢትዮጵያም በጎርጎርዮሳዊውም አቆጣጠር መዝግቡ፤ ባሕር ማዶ ያሉት የልጅ ልጆች ሙት ዓመቱን የሚያሳልፉት ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ለአርባውና ለሙት ዓመቱ አስቀድማችሁ ቀን ያዙ፤ በዋዜማው ስትመጡ ቀኑ በሌላ ሰው አሳብ (ቅዳሴው እንዲያርግለት ባስያዘው ልመና) ተይዞ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ካህኑ መባ ለተቀበለበት እያንዳንዱ አሳብ አንድ ቅዳሴ የማሳረግ ግዴታ አለበት። መባው ግን የቅዳሴ ዋጋ አይደለም። ገንዘብ የሌለው ሰው ሳያፍር ይጠይቅ፤ ካህናት ለድኾች ያለ መባም እንዲቀድሱ የቤተክርስቲያን ሕግ አጥብቆ ይመክራል።

አንዳንዶች «የጎርጎርዮስ ቅዳሴ» የሚባለውን ይጠይቃሉ። ይህ ለአንዲት ላረፈች ነፍስ ብቻ 30 ቀን በተከታታይ የሚያርግ ቅዳሴ ነው፤ ለሕያው ሰው አይደረግም። አንድ ካህን ብቻ ባለበት ቁምስና ይህን ማስፈጸም ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ቆሞሱ (የቁምስናው ኀላፊ ካህን) በእሑድና በታላላቅ በዓላት ለምእመናኑ ሁሉ የመቀደስ ግዴታ አለበት። 30ውን ቀን አንድ ካህን እንዲቀድስ ግዴታ ስለሌለ፣ ብዙ ካህናት ያሉበትን ገዳም መጠየቅ ይሻላል። በሕመም ወይም በድንገተኛ ቀብር ምክንያት አንድ ቀን ቢቋረጥ ፍሬው አይጠፋም፤ ካህኑ የጎደለውን ቶሎ ይሞላል።

ቅዳሴውን አስይዞ መቅረትስ? ይህ የሚያሳዝን ነገር ነው። ቤተሰቡ በተዝካሩ ምግብ ተጠምዶ ቅዳሴው ላይ ሁለት አሮጊቶች ብቻ ይቆማሉ። ስለ ተዝካር ከሞኒካ የምንማረው እዚህ ላይ ነው። በአፍሪካ ሳለች በአገሯ ልማድ ገንፎ፣ ዳቦና ወይን ይዛ ወደ ሰማዕታት መቃብር ትሄድ ነበር። በሚላኖ እንደዚያው ስታደርግ በር ጠባቂው ከለከላት፤ የከለከለው ጳጳሱ ቅዱስ አምብሮዝዮስ መሆኑን ስትሰማ ሳትከራከር ተወችው። ጳጳሱ የከለከለበት ምክንያት ሁለት ነበር፤ ለሰካራሞች ሰበብ እንዳይሆን፣ ደግሞም አረማውያን ለሙታን ከሚያደርጉት ጋር ስለሚመሳሰል። ከዚያ ወዲህ በመሶቡ ፈንታ ልቧን በጸሎት ሞልታ መሄድ ጀመረች፤ ያላትንም ለድኻ ሰጠች።

የእኛ ተዝካር ድኻ የሚበላበት ከሆነ መልካም ምጽዋት ነው፤ ይቅር የሚል የለም። የሚበላሸው ለስም ሲባል በብድር ሲደገስ፣ መጠጡ ሲበዛ፣ ወንድምና እህት በወጪው ሲጣሉ ነው። ከድግሱ በፊት የሟቿ ዕዳ ይከፈል፤ የተሳሉት ስለትም ካለ ቆሞሱን ጠይቃችሁ ፈጽሙላቸው።

በላቲን ሥርዓት (በምዕራቡ የካቶሊክ አምልኮ ሥርዓት) የሙታን ሁሉ መታሰቢያ የሚውለው ኖቬምበር 2 ነው። ከኖቬምበር 1 እስከ 8 መካነ መቃብር ሄዶ ስለ ሙታን የጸለየ፣ በልቡም ቢሆን፣ በቀን አንድ ጊዜ ለአንዲት ነፍስ ሙሉ የቅጣት ሥርየት (ኃጢአቱ ይቅር ከተባለ በኋላ የሚቀረው ቅጣት ፈጽሞ መነሣት) ማስገኘት ይችላል። በእኛ አቆጣጠር ከጥቅምት 22 እስከ 29 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን ያለፈው ጳጉሜን ስድስት ስለሆነ ከጥቅምት 21 እስከ 28 ይሆናል። የሚያስፈልገው ንስሐ፣ ቅዱስ ቁርባን፣ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ (በሮሙ ጳጳስ) አሳብ መጸለይ (አንድ አቡነ ዘበሰማያትና አንድ ሰላምታ ለማርያም ይበቃል)፣ ከኃጢአት ሁሉ፣ ከቀላሉም ጭምር፣ ልብን ማላቀቅ ነው። የሚሳሳቱበት ቦታ ይህ ነው፤ አንድ ንስሐ ለብዙ ቀን ይበቃል፣ 20 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ወይም ዘግይቶ ቢሆንም። ቁርባኑና ጸሎቱ ግን ለእያንዳንዱ ቀን ለብቻው ነው። ከመመዘኛዎቹ አንዱ ቢጎድል ሥርየቱ ከፊል ይሆናል። መቃብሩም የግድ የአያታችሁ መሆን የለበትም። ዋሽንግተን ወይም ሮም ያለ የልጅ ልጅ በአቅራቢያው ያለ መካነ መቃብር ገብቶ ለአገር ቤቷ አያቱ መጸለይ ይችላል።

ከቀብር በኋላ በየቤቱ ጥል የሚያስነሣው መቁጠሪያቸው ነው። ፍሬዎቹ ከመዳሰስ ብዛት ልሰዋል፣ አንዱ ምዕራፍ (የአሥር ፍሬ ክፍል) ላይ ሰንሰለቱ በክር ታስሯል፣ መስቀሉ ላይ የጌታ ፊት ጠፍቷል። «አርጅቷል» ብላችሁ አትጣሉት። ተባርኮ የተሰጠ መቁጠሪያ ቢበጠስና ቢጠገን ከእሱ ጋር የተያያዘው ሥርየት አይቀርም፤ የሚቀረው ፈጽሞ ሲወድም ወይም ሲሸጥ ነው። መጠገን ካልተቻለ ይቃጠል ወይም ንጹሕ መሬት ውስጥ ይቀበር። የሚወርሰውም በዕድሜ የበለጠው ሳይሆን የሚጸልይበት ይሁን።

አምስቱን ምዕራፍ በአንድ ምሽት 53 ጊዜ ሰላምታ ለማርያም እያሉ መጨረስ ለሕፃናት ይረዝማል። ከአንድ ምዕራፍ ጀምሩ፤ ከአሥረኛው ፍሬና ከስብሐት ለአብ በኋላ ትንሹ ልጅ የአያቱን የክርስትና ስም ጠርቶ «ጌታ ሆይ፣ የዘለዓለም ዕረፍትን ስጣቸው» ይበል፤ ሌሎቹ «የዘለዓለም ብርሃንም ይብራላቸው» ብለው ይመልሱለት። በመካከል ቢያለቅስ እንደ አዴዎዳቱስ ዝም አታሰኙት፤ እስኪያበቃ ጠብቁትና ቀጣዩን ፍሬ አስይዙት።