የህዝብ ግንኙነት ላይ "ሁለት አቅጣጫ" ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙ መስሪያ ቤት ህዝብ ግንኙነት ማለት ባነር ማሰራትና ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ይመስለዋል። ጄምስ ግሩኒግና ቶድ ሀንት የሚባሉ አሜሪካውያን ምሁራን በ1984 እ.ኤ.አ. አራት የህዝብ ግንኙነት ሞዴል (የአሰራር አይነት) አስቀምጠዋል፣ ሰው የሚምታታበት ሶስተኛውና አራተኛው ነው። ሁለቱም ሁለት አቅጣጫ ናቸው፣ ማለትም ድርጅቱ መናገር ብቻ ሳይሆን ከህዝቡም ይሰማል፣ ሁለቱም ሰርቬይ ይሰራሉ ሰው ይጠይቃሉ፣ ልዩነቱ መልሱን ምን ታደርገዋለህ የሚለው ላይ ነው። ሶስተኛው የሚጠይቀው እንዴት ላሳምነው ብሎ ነው፣ አራተኛው ግን ድርጅቱ ራሱም ለመቀየር ዝግጁ ነው። ለምሳሌ አንድ ባንክ አፑ ላይ ቅሬታ በዛበት እንበል፣ ቅሬታውን አጥንቶ ደንበኛን የሚያረጋጋ ፖስት ብቻ ቢለቅ ሶስተኛው ነው፣ አፑን ካስተካከለ ደሞ አራተኛው።

ስለዚህ የሰማው ነገር ድርጅቱን እንዲቀይር ከተፈለገ የህዝብ ግንኙነት ሃላፊው ውሳኔ ሲወሰን እዛው መኖር አለበት። የግሩኒግ ቡድን አሜሪካ፣ ካናዳና እንግሊዝ ውስጥ ወደ 300 ድርጅት አጥንቶ ያገኘውም ይሄንኑ ነው። ኢንቦክስ ላይ ስድቡንም ቅሬታውንም በየቀኑ የሚያነበው እሱ ሆኖ ሳለ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ "መግለጫ ጻፍልን" ሲባል በጣም ያናድዳል! ሰራተኛውም ያው ነው፣ የደሞዝ ስኬል ሊቀየር ከሆነ ከቴሌግራም ከሚሰማው ገና ረቂቅ እያለ ጠይቁት።