ቦይለር ምንድን ነው? ስሙ እንጂ ሥራው ማፍላት አይደለም

«ባኞው 170 ሊትር ይይዛል፣ ቦይለርህ 50 ሊትር ናት። ወይ አራት ቦይለር ስቀል፣ ወይ ባኞውን የልብስ መዘፍዘፊያ አድርገው!»

ይህን ምክር የሰማሁት ሰሞኑን ጅማ መርካቶ፣ አንድ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ደጃፍ ላይ ነው። መካሪው ሻጭ አልነበረም፣ ገዢም አልነበረም። ሲሚንቶው እስኪጫንለት የሚጠብቅ፣ እስኪጫን ድረስም ስለማንኛውም ነገር የሚያውቅ ሰው ነበር። ተመካሪው ወጣት አንገቱን ነቅንቆ ባዶ እጁን ሄደ። እኔ በእጄ የሻወር ቱቦ ይዣለሁ፣ ሰው ወሬ መሀል መግባት ነውር መሰለኝና ዝም አልኩ። ዝምታዬ ግን ሦስት ቀን እንቅልፍ ነሳኝ። ቧንቧና ቦይለር ስሠራ ይህችን ሒሳብ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት እኔ ነኝ የማውቀው።

ጥፋቱ ከስሙ ይጀምራል። ቦይለር ማለት በፈረንጅ አፍ «ማፍያ» ነው፣ ግድግዳችሁ ላይ የተሰቀለው በርሜል ግን ምንም አያፈላም። ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቴርሞስታቱ ደግሞ ቢበዛ 75 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መብራቱን ይቆርጠዋል። «ቦይለሩ ፈልቷል?» ብሎ ልጁን የሚጠይቅ አባት ሁሉ ቤት ይህን እነግራለሁ፦ በእውነት ፈልቶ ከሆነ መታጠቡን ትታችሁ ከቤት ውጡ።

እንግዲህ ምንድን ነው? ሙቀት የሚጠራቀምበት ዕቃ ነው። የሚያጠራቅመው ሙቀት እንጂ ሙቅ ውሃ አለማለቴን ልብ በሉልኝ። ውሃው ተሸካሚ ነው። ሲሚንቶ ጠባቂው ሰውዬ የቆጠረው ተሸካሚዎቹን ነው፣ ሸክሙን ረሳው።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ከሮቶ የሚመጣው ውሃ 20 ዲግሪ ነው እንበል። ሰው ተዘርግቶ «እፎይ» የሚልበት ውሃ 40 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ከሰውነታችን ከ37ቱ ትንሽ ከፍ ያለ። ቦይለሩ ውስጥ ያለው 60 ዲግሪ ከሆነ አንድ ሊትር ከቦይለሩ፣ አንድ ሊትር ከቀዝቃዛው ስትቀላቅሉ ሁለት ሊትር የ40 ዲግሪ ውሃ ይወጣችኋል። ስለዚህ 50 ሊትሩ 100 ሆነ። ቴርሞስታቱን 75 ላይ ካደረጋችሁት ደግሞ እያንዳንዷ ሊትር ሁለት ከሦስት ሩብ ትሆናለች፣ 50ው ወደ 137 ይጠጋል። ያው በርሜል፣ ያው ውሃ ነው፣ የጨመረው ሸክሙ ብቻ ነው።

ቡና አገር ነንና በቡና ልናገር። ቦይለር ውስጥ ያለው ውሃ ወፍራም ቡና ነው። ጀበናው ስድስት ሲኒ ብቻ ቢይዝም እንግዳው አሥር ሰው ከሆነና ቡናው በደንብ ከወፈረ፣ ሙያ ያላት ሴት ውሃ ጨምራ ታዳርሰዋለች፣ ማንም ቀጠነ አይላትም። ቡናው መጀመሪያውኑ ቀጭን ከሆነ ግን ስድስቱም ሲኒ አይጣፍጥም። ቴርሞስታታቸውን 45 ላይ አድርገው «ቦይለሩ ትንሽ ነው» የሚሉ ደንበኞች አሉኝ። ትንሽ አይደለም፣ ቡናው ነው የቀጠነው።

(እዚህ ላይ ሳልጠየቅ አንድ ነገር ላስገባ። ሙቀቱን ዝቅ አድርጎ መተው ሌላም ጣጣ አለው፣ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሌጂዮኔላ የሚባል ሳንባ የሚያጠቃ ባክቴሪያ ይራባል። በ60 ዲግሪ ግን አይቆይም። በሌላ በኩል 60 ዲግሪ ውሃ የአዋቂን ቆዳ በ5 ሰከንድ ገደማ ያቃጥላል፣ የሕፃንን ከዚያም ባነሰ። ስለዚህ በርሜሉ ይሙቅ፣ ባኞ ስትሞሉ ግን ቀዝቃዛውን አስቀድሙ። ልጅ ያለበት ቤት ሙቁን ብቻ ከፍቶ ስልክ ለማንሳት መሄድ አይገባም።)

ሁለተኛው የሰውዬው ስህተት ደግሞ 170 ሊትሩ ነው። 170 ሊትር ባኞው እስከ ላይ ሲሞላ፣ ውስጡ ማንም ሳይኖር ነው። ሰው ሲገባበት ግን ውሃው ከፍ ይላል። ስድሳ ኪሎ የሚመዝን ሰው ስድሳ ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል፣ ጭንቅላቱና ጉልበቱ ውጭ ቢቀሩ እንኳ ሃምሳ አያጣም። ታዲያ ከቧንቧ የምትፈልጉት ከ110 እስከ 120 ሊትር ነው። አራት ቦይለር የተባለው ልጅ ቴርሞስታቷን 75 ላይ ካደረገ የነበረችው አንዷ ትበቃዋለች ማለት ነው።

አሁን ወደ ሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ይኸው መካሪ ወጣቱ ከሄደ በኋላ ለሱቁ ልጅ እንዲህ አለው፦ «ቦይለር እኮ እንደ ጀበና ነው። መጀመሪያ አቦል ትቀዳለህ፣ ቀዝቃዛው እየገባ ሲተካ ቶና ይሆናል፣ መጨረሻ ላይ በረካ።» የእኔን ምሳሌ ሰርቆ አበላሸብኝ! ቀድሞኝ መናገሩንም አልክድም።

ትክክል የሚመስለው ሁላችንም እንደዚያ ያለ ቦይለር ስላየን ነው። ጤነኛ ቦይለር ግን አቦል፣ አቦል፣ አቦል ነው፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ባዶ ውሃ። ሙቅ ውሃ ከቀዝቃዛ ይቀላልና ከላይ ይንሳፈፋል። ቀዝቃዛው የሚገባው ከታች ነው፣ የሚገባበት አፍም ውሃውን እንዳያተራምስ በመበተኛ ይሸፈናል። ሙቁ የሚወጣው ደግሞ በርሜሉ ውስጥ እስከ ጣሪያው በምትደርስ ቀጭን ቱቦ፣ ከላይኛው ጫፍ ነው። ስለዚህ ቀዝቃዛው ሙቁን ከታች እየገፋ ያወጣዋል እንጂ አይቀላቀለውም። በመሀል ጥቂት ሊትር ለብ ያለ ውሃ ይኖራል፣ እሱን አልክድም። ከዚያ ውጭ ግን ውሃችሁ ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀስ በቀስ ከቀዘቀዘ ቦይለሩ ታሟል፣ ወይም ሲሰቀል ተበድሏል።

እንዴት እንደሚበደል ልንገራችሁ። ቆሞ እንዲሰቀል የተሠራውን ቦይለር «ከበሩ በላይ እንዲገባ» ብለው ያጋድሙታል። እኔ አንድ ሕንፃ ላይ ተጠርቼ ሄጄ በየፎቁ እንዲህ ተጋድመው አግኝቻለሁ፣ ማን እንደሠራው ይቅር። ሲጋደም ወደ ጣሪያው ትደርስ የነበረችው ቱቦ መሀል ትቀራለች፣ የላዩ ሙቅ ውሃ እዚያው ታስሮ ይቀራል፣ ወደ ሻወር የሚመጣው ድብልቁ ነው። ጀበናን አጋድሞ ቡና መቅዳት ማለት ይህ ነው፦ አተላው አብሮ ይወጣል፣ ንጹሑ ውስጥ ይቀራል። ተጋድሞ እንዲሠራ ሆኖ የተመረተ ቦይለርም አለ፣ ገበያ ላይ ስትሄዱ ጠይቁ፣ ካርቶኑ ላይ ተሥሏል። ሌላው ምክንያት ያቺው ቱቦ ውስጥ ለውስጥ መሰበሯ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ቦይለሩ ንጹሕ ሆኖ ሚክሰሩ፣ ሙቁንና ቀዝቃዛውን የሚቀላቅለው ቧንቧ፣ ቀዝቃዛ ያስገባል፣ ጥፋቱ ግን በቦይለሩ ይሳበባል።

ምሳሌዬን አሁንም አልለቀቅሁትም። ሲኒስ? ከባድ የብረት ባኞ ቀዝቃዛ ሲኒ ነው፣ የመጀመሪያውን ሙቀት ራሱ ይጠጣዋል። ቀጭኑ የቆርቆሮና የፕላስቲኩ ግን እምብዛም አይጠጣም። ዕጣኑንና ፈንዲሻውን የት እንደማስገባቸው ሳስብ አመሸሁ፣ ቦታ አላገኘሁላቸውም።

ሻወሩ ጫፍ ላይ የሚገጠመው፣ ወዲያው የሚያሞቀው ትንሹ ዕቃ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። እሱ አያጠራቅምም። 3.5 ኪሎዋት የሆነው በደቂቃ ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ለ40 ዲግሪ ያደርስላችኋል። ለመታጠብ ይበቃል፣ ባኞ ልሙላበት ካላችሁ ግን ሦስት ሩብ ሰዓት ትጠብቃላችሁ፣ መጀመሪያ የገባውም እስከዚያ ቀዝቅዟል።

ይህን ሁሉ የምለው ለሒሳብ ፍቅር ብዬ አይደለም። አንድ ሀጂ አሉ፣ ጅሬን በኩል የሚኖሩ፣ ልጃቸው ከውጭ መጥቶ ቤቱን ሲያድስ ባኞ አስገባላቸው። ልጁ ከሄደ በኋላ ባኞው የጅማ ባኞዎችን ዕጣ ደረሰው፦ ውሃ ስለሚጠፋ ሞልቶ የሚቀመጥ፣ በላዩ ጆግ የሚንሳፈፍበት ማጠራቀሚያ ሆነ። አምና ሐምሌ ላይ ሮቶ ሊያስተክሉ ጠሩኝ። ዝናቡ ሳምንቱን ሙሉ አላባራም፣ ሀጂ ወገባቸውን ይዘው ነው በር የከፈቱልኝ።

«ሀጂ፣ ባኞው እኮ አሁን ነፃ ወጣ» አልኳቸው ሮቶው ሲሞላ።

«እና ምን ልሁንበት?»

«ይተኙበታ!»

«ልጄ፣ 50 ሊትር አይሞላውም ብለውኛል።»

እዚህም ደርሷል ማለት ነው ያ ምክር። ቦይለሩን አየሁት፣ ቆሞ የተሰቀለ፣ 1.5 ኪሎዋት። ቴርሞስታቱን ወደ 75 ወሰድኩት። 50 ሊትሩን ከ20 እስከዚያ ለማድረስ ሁለት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፣ ቆጣሪ ላይ ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ከትንሽ በላይ። ከአስር ሰላት በኋላ አበራነው፣ ለመግሪብ ደርሷል።

ከማብራቴ በፊት ሁለት ነገር አየሁ፣ እናንተም እዩ። አንደኛው የአርዝ ሽቦ ነው፣ ያመለጠ ኤሌክትሪክ ሰው ላይ እንዳይወጣ ወደ መሬት የሚወስደው። አለ ተብሎ የሚታመን፣ ግድግዳው ውስጥ ግን የትም ያልታሰረ አርዝ ስንት ቤት አይቻለሁ። ባኞ ውስጥ ሙሉ አካሉ ውሃ ውስጥ ላለ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም፣ እኔ እንዲያውም ባኞ ውስጥ የሚተኛ ሰው ቢኖር ቦይለሩ ከሞቀ በኋላ ብሬከሩን አውርዶ ይግባ እላለሁ። ሁለተኛው ከቀዝቃዛው መግቢያ ላይ ያለው ሴፍቲ ቫልቭ ነው። ውሃ ሲሞቅ ያብጣል፣ 50 ሊትር ከ20 ወደ 75 ሲሄድ አንድ ሊትር ያህል ይጨምራል፣ ያ ትርፍ በዚያ ቫልቭ ይንጠባጠባል። «ያፈሳል» ብለው በቡሽ የሚደፍኑት ሰዎች አሉ። የሀጂም ቤት ፌስታል ተጠምጥሞበት ነበር፣ ፈትቼ በባልዲ ተካሁት። ሰውዬው በጀበና ያስተማረው የሱቅ ልጅ ይህን ቢነገረው ኖሮ ይሻለው ነበር።

ለመሙላትም ሥርዓት አለው። ቀዝቃዛውን አስቀድሜ፣ ሙቁን በኋላ፣ 50ውን ግን አሟጥጬ አልቀዳሁም። 40 ሊትር ያህል ወስጄ 10 አስቀረሁ። 40ው በ75 ዲግሪ 110 ሊትር የሚተኛበት ውሃ ይሆናል፣ ሀጂ ደግሞ ቀጭን ቢሆኑም የራሳቸውን ሃምሳ ጨምረው ባኞውን እስከ አንገታቸው አደረሱት። አሥሩ ሊትር ለምን ቀረ? በርሜሉን ባዶ ካደረጋችሁትና መልሳችሁ ካሞቃችሁት ግማሽ ሰዓት ጠብቃችሁ የምታገኙት 33 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ለሞቀ ባኞ መጨመሪያ የማይሆን ነገር። ከላይ የቀረችው ግን ማሞቂያው ኤለመንት ባይበራም ሳትቀዘቅዝ ትጠብቃለች።

ልጅ ልጃቸው በሩ አጠገብ እንዲቀመጥ አደረግን፣ ሀኪም ባልሆንም አዛውንት ከሙቅ ውሃ ድንገት ሲነሳ ራሱን ሊያዞረው እንደሚችል አውቃለሁ። እኔ ሳሎን ተቀምጬ ቡና ቀረበልኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ከውስጥ ድምፅ የለም። አቦል ጠጣሁ። ቶና ጠጣሁ። «ሀጂ ደህና ናቸው?» ብዬ ልጁን ላክሁት፣ «ዝም በሉኝ ብለዋል» ብሎ ተመለሰ።

ሦስተኛው ሲኒ እየተቀዳልኝ ሳለ ከመታጠቢያ ቤቱ ድምፃቸው መጣ።

«ልጄ! ያቺን አሥር ሊትር አሁን ልቀቃት!»