መሥሪያ ቤት ሲመጣ ቤት ይወደዳል?

በአዲስ አበባ ከአያት ሰፈር ወዲያ ቤት ፍለጋ የወጣ ሰው የደላላውን ቃል ያውቀዋል፦ «ወንድሜ፣ እዚህ ጋ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሊመጣ ነው፤ ዛሬ ካልያዝከው ነገ አታገኘውም።» በዚህች ቃል ብቻ ቀብድ የከፈሉ ሰዎች አሉና በየሰፈሩ የሚባለውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ሠራተኛው ተከትሎ ስለሚመጣ ቤት ይጠፋል።»
ሠራተኛው ኑሮውን ነቅሎ አይመጣም። ጀሞ ኮንዶሚኒየም የደረሳት፣ ልጆቿንም እዚያው የምታስተምር እናት ቢሮዋ አያት ቢዛወር በፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ መታወቂያዋን አሳይታ በነጻ ትመላለሳለች። በብዛት የሚመጣው ባለጉዳይ ነው። ስለዚህ ቀድሞ የሚወደደው ከመሥሪያ ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ ግራውንድ ላይ ያለው ሱቅ ነው፦ ትናንት ሽንኩርትና ከሰል ይሸጥበት የነበረው ክፍል ፎቶ ኮፒ ማሽን ይገባበታል፣ «ማመልከቻ እንጽፋለን» የሚል ወረቀት ይለጠፍበታል፣ ደጁ ላይ ጀበና ይጣዳል። ሁለት ቅያስ ገባ ብሎ ያለው ቤት ዋጋ ግን ከቢሮው ይልቅ በውኃው፣ በአስፋልቱና በታክሲው ይወሰናል። ቢሮው እነዚህን ይዞ ከመጣ በእርግጥ ይጨምራል።

«ቢሮ ከመጣ ካርታም ይመጣል።»
ብዙ ሰው ጥሪቱን ያጣው በዚህኛው ነው። ያለ ፈቃድ የተሠራ የጨረቃ ቤት ጎረቤቱ መሥሪያ ቤት ስለሆነ ሕጋዊ አይሆንም። እንዲያውም መንገድ ሲሰፋ የካሳ መብት ያለው ሕጋዊ ባለይዞታ ነው። ካርታውን የሰጠው ማን እንደሆነም ይጣራ፤ አዲስ አበባና ኦሮሚያ በ2014 ዓ.ም. ባደረጉት የወሰን ስምምነት ከኮንዶሚኒየም ሰፈሮቹ ኮዬ ፈጬ ወደ ኦሮሚያ፣ ቱሉ ዲምቱ ወደ አዲስ አበባ ተካልለዋል። ጉዳይህን የምታስፈጽምበት በር የትኛው እንደሆነ ሳታውቅ ውል አትፈርም።

«አከራይ ቢሮ መጣ ብሎ በፈለገው ጊዜ ይጨምራል።»
አይችልም። በአዋጅ 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከ2 ዓመት አያንስም፤ ጭማሪውም በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል ባወጣው መጠን ነው። ቅድሚያ ክፍያ ቢጠየቅ ከ2 ወር አይበልጥም።

«የመጣ ቢሮ አይሄድም።»
የኦሮሚያ ክልል መቀመጫ በ1992 ዓ.ም. ወደ አዳማ እንዲዛወር ተወሰነ፤ በ1997 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። 5 ዓመት ነው። ለቤት የሚወሰድ የባንክ ዕዳ ግን በ5 ዓመት አያልቅም።